አገርነሽ ሳይለቀስላት

እስቲ ንገሩኝ፤ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ፣ ጥግ ይዛችሁ ስልክ መነካካት የጀመራችሁት ከመቼ ወዲህ ነው? ከንፈር ትመጣላችሁ፤ የላስቲክ ውኃ ትቀበላላችሁ፤ አንዱ «ያጥናችሁ» ይላል፣ ሌላው «አላህ ይዘንላት» ይላል፤ ጫማችሁን ፈልጋችሁ ትወጣላችሁ። የሞተው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ማንን እንዳሳደገ አንዲት ቃል ሳይነገር ድንኳኑ ይፈርሳል። ይህንንም ሃይማኖት ትሉታላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ ሥልጣኔ ትሉታላችሁ።

ሸዋዬ ሌላ ለቅሶ ታውቃለች። እናቷ በዱርቤቴ ዙሪያ ስሟ የታወቀ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ሸዋዬም ገና ልጅ ሳለች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልትቀጠር ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ ያንኑ ሙያ ይዛ ነው የመጣችው። ሙሾ አውራጅ በሴቶቹ መካከል ቆማ የሟቹን ሥራና ጠባይ በግጥም ታወርዳለች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል። እንባው የደረቀበት ያለቅሳል፣ የተኳረፈ በዚያው ይታረቃል፣ ሟቹም ሰው እንደ ነበር ተነግሮለት ይሸኛል። በፋብሪካው ሰፈር የሸዋዬ ድምፅ ያልሸኘው ሰው ጥቂት ነበር። ክርስቲያን ሲሞት ይላክባታል፣ ሙስሊም ሲሞት ይላክባታል። ሴቶቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሸዋዬ መጣች ወይ?»

ፈትል ክፍል ከጎኗ ትሠራ የነበረችው አገርነሽ ይማም ሙስሊም፣ የቆላ ድባ ልጅ ነበረች። ማሽኑ ጆሮ ያደነቁራል፤ ለመነጋገር አፍን ከጆሮ ማስጠጋት ነበረባቸው። ሸዋዬ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ለሚመጣው ለቅሶ ግጥም ታዘጋጅና ወደ አገርነሽ ጆሮ ትጮኻለች።

«ቤት መታ?»

«አልመታም! ሰውየው ደግሞ እንዲህ ለጋስ አልነበረም፤ ትንሽ ቀንሺለት!»

እንዲህ እየተባባሉ አረጁ። አገርነሽ በገዛ አፏ ሙሾ አውርዳ አታውቅም፤ የሸዋዬን ግን አንድ ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች።

ከዚያ የሸዋዬ ልጅ መልካሙ ጣና ውስጥ ቀረ። ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ወጥቶ ነበር፤ ጓደኞቹ ተመለሱ። ሐይቁ ሬሳውን ሳይሰጥ ድንኳን ተተከለ፣ ሴቶቹም ተሰበሰቡ። ተሰብስበው ዝም አሉ። እናት ለገዛ ልጇ ሙሾ አታወርድም፤ አንደበቷ ይታሰራል፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። የሰፈሩ ሙሾ አውራጅ ደግሞ እናትየዋ ራሷ ናት። ታዲያ ማን ያውርድ? ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ወደ መሬት አዩ። ሸዋዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ያንን ዝምታ ሰማችው፤ ልጇ ለሁለተኛ ጊዜ የሰመጠ መሰላት።

አገርነሽ ሻሿን አጥብቃ ተነሣች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ ዜማውም አልተመቻትም፤ ግን አወረደችው።

*አንተ ጣና ባሕሩ ደንገል ትተፋለህ፣*
*የናቱን መልካሙን ለማን ታኖራለህ?*

ድንኳኑ ተናወጠ። ሸዋዬ ልጇ ከጠፋ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር፤ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰው ልቅሶ ሲከለከል ምን እንደሚሆን የማያውቅ፣ ሲፈቀድለትም ምን እንደሚሆን አያውቅም።

ወራት አልፈው ሁለቱ ፀሐይ ሲሞቁ ሸዋዬ፣ «የአንቺን እኔ ነኝ የማወርደው» አለቻት።

«ቀድመሽኝ ብትሞቺስ?»

«አልሞትም አልሁሽ።»

«እንግዲያው ቃል ነው። ጥርሴ መርገፉን ግን እንዳታነሺው፤ ሰው በሳቅ ይሞታል።»

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አናውቅም እንዳትሉኝ። ከሩቅ ከተማ ወሬ መጣ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ነደደ ተባለ፣ ሌላ ቦታ መስጊድ ነደደ ተባለ። ማን እንደ ቀረጸው የማይታወቅ ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። በፋብሪካው ሰፈር የተቃጠለ ነገር አልነበረም፤ የአንድ ሱቅ መስኮት ተሰበረ፣ ሌላ ቀን ደግሞ የአንድ ሰው አጥር ተነቀለ። ይህ ግን በቂ ሆነ። እንደ አንድ ቤት የኖረው እድር ለሁለት ይከፈል ተባለ።

ወንዶቹ ተቀምጠው ዕቃውን ተካፈሉ። ድስቱ አላስቸገረም፤ ድሮም የክርስቲያን ድስት፣ የሙስሊም ድስት ተብሎ ተለይቶ የሚቀመጥ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነዚያ ሰዎች ሥጋ አብረው በልተው አያውቁም። አራጁ ሌላ፣ ድስቱ ሌላ፣ ማዕዱ ሌላ ነበር፤ ይህም ማንንም ከማንም አላጣላም። አንድ የነበረው ለቅሶው ነበር። ጠበኞቹ መጥተው የከፈሉት ያንኑ አንድ የነበረውን ነው።

ሰፈሩ ውስጥ አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች ነበሩ። የአገርነሽ ልጅ ኑሩ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ሲመሽ በመስጊዱ ወጣቶችን ያስተምራል። የጎረቤታቸው የክንዱ ልጅ ባምላክ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰባኪ ነው፤ ማይክ ሲይዝ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። በልጅነታቸው ሸዋዬ ቤት በአንድ ሰሃን ሽሮ በልተዋል። አሁን መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አጥር ያያሉ።

አገርነሽ ስኳር በሽታዋ ጠንቶባት በአንድ ማለዳ ሞተች፤ ቀኑ ሳይጋመስ ወንዶቹ ወስደው ቀበሯት። ሸዋዬ ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር። ጥቂት ተቀምጣ ተመለሰች። ቀብሩ በፍጥነት መሆኑ አልከፋትም፤ ሥርዓታቸው ነው። ሣልስቱን ጠበቀች። በሣልስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጎረቤቷን ፀሐይወርቅን አስከትላ መጣች። በየአጥሩ ትደገፍ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቆመሽ ማውረድ መቻልሽንም እንጃ» አለች ፀሐይወርቅ።

«ተቀምጬም ቢሆን አወርዳለሁ።»

«ደግሞ እነሱ አሁን አይወዱትም ይባላል።»

«አገርነሽ ትወደዋለች።»

ኑሩ በሩ ላይ ተቀበላቸው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጺሙ አልተበጠረም። ሸዋዬን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። ነጠላዋን አይቶ ግን ለምን እንደ መጣች ገባው።

«እማ ሸዋዬ፣ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ። ግን... ሙሾ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ሐራም ነው። በሟች ላይ ዋይታ ማሰማት አይፈቀድም። ቤተሰብ በጮኸ ቁጥር ሟቹ በመቃብሩ ይቀጣል ብለው አስተምረውናል። እናቴን በመቃብሯ እንዲያስቀጡብኝ ነው የሚፈልጉት?»

ልጁ የሚናገረውን ያምናል። ሸዋዬም የልጁን ፍርሃት አይታ አዘነችለት። ለመጨቃጨቅ የሚሆን አቅምም አልነበራት።

«ኑሩ፣ እናትህ ለመልካሙ አውርዳለታለች። ያን ጊዜ አንተም ነበርህ፤ ደንገል ይዘህ ስታለቅስ አይቼሃለሁ።»

«አላውቅም ነበር፣ እማ። እሷም አታውቅም ነበር።»

«አታውቅም ነበር?»

«አላህ ይማራት።»

ሸዋዬ ገብታ ተቀመጠች። ሴቶቹ ሁሉ ያውቋታል፤ ከመካከላቸው የስንቷን እናት እሷ ሸኝታለች። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ከስልክ ቁርኣን ይቀራል፤ ቅራቱ ሲያልቅ ዝምታ፣ እንደገና ቅራት። ስለ አገርነሽ አንድም ነገር አልተነገረም። ከፈትል ክፍል ጡረታ የወጣችው አሮጊት እዚያ ቤት ውስጥ ከነስሟ የለችም። ሸዋዬ ውኃዋን ሳትጠጣ ተነሥታ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ ነጠላ አዘቅዝቃ ሙስሊም ቤት ስትገባ አንዱ በስልኩ ቀርጿታል። ባምላክ በማግስቱ ወደ ቤቷ መጣ። እሱም ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። ሁለቱንም እጅ መሳም ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

«እማ ሸዋዬ፣ ሰው እየተናገረብዎ ነው።»

«ሰው መቼ ሳይናገር ቀርቶ ያውቃል?»

«ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ተብሎ ተጽፏል። ደረት መምታት፣ ሙሾ ማውረድ የአሕዛብ ነው። በእኛ እድርም ከእንግዲህ ሙሾ እንዳይኖር ተወስኗል። ደግሞ እዚያኛው ቤት ሄደው ቢያወርዱ እድሩ ያስወጣዎታል፤ እኔ ብለምንም አይሰሙኝም። ነገ ማን ይቀብርዎታል?»

«ዳዊት ለልጁ ሲያለቅስ አሕዛብ ነበር?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ለአንተ አያት ያወረድሁት እኔ ነኝ፣ ባምላክ። አባትህ ክንዱ መሬት ላይ ተንከባልሎ አልቅሷል። እሱም አሕዛብ ነው?»

«አላወቁም ነበር» አለ ባምላክ።

ሸዋዬ ቀና ብላ አየችው። ይህን ቃል ትናንት ሰምታዋለች። በሌላ በር፣ በሌላ ልጅ አፍ፤ ቃሉ ግን ያው ነው። ሁለት ልጆች ሰላምታ ከተነፋፈጉ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዱ የሌላውን አምላክ ስም በበጎ አያነሣም፤ የተስማሙት ግን በአንድ ነገር ነው፦ አሮጊቷ አፏን ትዝጋ። እናቶቻቸው አያውቁም፣ አያቶቻቸው አያውቁም፤ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ሕዝብ ከእነሱ በፊት ሃይማኖት አልነበረውም ማለት ነው። መቆጣት ፈለገች፤ ቁጣው ግን ደረቷ ድረስ መጥቶ ደከመና ተቀመጠ።

«ሂድ ልጄ» አለችው። «በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል።»

ከዚያ ብዙ ቀን አልወጣችም። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት ግጥም ይመጣላታል፤ ትመልሰዋለች። አውርዳ ካልጨረሰችው ቤቷ ውስጥ ሬሳ እንዳስቀመጠች ነው የምትቆጥረው። ፀሐይወርቅ ምግብ ስታመጣላት ሳህኑን ታየዋለች እንጂ አትቀምሰውም።

«ትሞቻለሽ፣ አንቺ።»

«ብሞትስ ማን ያወርድልኛል? አንቺ ቤት እንኳ አትመቺም።»

«እኔማ ስንዴ ነው የምወቃ፣ ሙሾ አላውቅ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ሸዋዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ማህሌት የምትባል ወጣት ከአንድ መሥሪያ ቤት ተልካ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። በአንገቷ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗ ከአነጋገሯ ይታወቃል።

«እማማ ሸዋዬ፣ የአብሮነት መድረክ አዘጋጅተናል። የሃይማኖት ወጣቶች አሉ፣ ሚዲያ አለ። እርስዎ ስለ ድሮው መቻቻል ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢያወሩልን በጣም ያምራል። የባህል ልብስ ካለዎት...»

«እኔ ምን አወራለሁ? እድሜዬን ያለቀስሁ ሴት ነኝ።»

«እሱን! እሱን ነው የምንፈልገው። ሙሾ ባህላችን ነው፤ የማይዳሰስ ቅርስ ይባላል። ትንሽ ቢያሰሙን ደግሞ...»

«ማን ማን አለ በመድረኩ?»

ልጅቷ ስሞቹን ጠራች። ከሙስሊም ወጣቶች ኑሩ ሰይድ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤቶች ባምላክ ክንዱ።

ሸዋዬ እንደ ደከማት ለመናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን «እመጣለሁ» አለች።

መድረኩ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በየጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ውኃ ተደርድሯል። ከመስኮቱ ባሻገር እንቦጭ የወረረው ዳርቻ ይታያል። ግድግዳው ላይ «አብሮነታችን ለሰላማችን» ይላል። አንድ ባለሥልጣን ከፈተው፣ ሌላው መልእክት አስተላለፈ፣ ሦስተኛው «እሴቶቻችን» የሚለውን ቃል ሳይሰለች ደጋገመው። የፋብሪካው ሰፈር ሰዎችም ተጠርተው ነበር፤ ክርስቲያኖቹ በአንድ ወገን፣ ሙስሊሞቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ማንም ተቀመጡ ያላቸው የለም፤ እንደዚያ ሆኖ ተገኘ።

ኑሩ ማይኩን ያዘ። «አያቶቻችን በደስታም በኀዘንም አብረው ኖረዋል፤ ይህን ባህል መጠበቅ አለብን» አለ። ባምላክም ተነሣ። «እናቶቻችን አንዷ ለሌላዋ አልቅሳለች፤ ይህ የኢትዮጵያ መልክ ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሁለቱ ተጨባበጡ፤ ፎቶ አንሺዎች ደግመው እንዲጨባበጡ ጠየቋቸው፤ ደግመው ተጨባበጡ።

ሸዋዬ ሁለተኛውን መጨባበጥ ስታይ የመልካሙን ድንኳን አሰበች። ያን ቀን ፎቶ ያነሣ አልነበረም።

«አሁን ደግሞ እናታችን ወይዘሮ ሸዋዬ» አለች ማህሌት፤ በክርኗ ደግፋ ወደ መድረኩ አወጣቻት። ሸዋዬ የለበሰችው የባህል ልብስ አልነበረም፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ነበር።

«መቆም አልችልም» አለች። ወንበር አመጡላት። ተቀምጣ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች፤ ትንፋሿ በድምፅ ማጉያው ወጣ። ልጇ እንዴት እንደ ሰመጠ፣ ድንኳኑ እንዴት ዝም እንዳለ፣ አገርነሽም እንዴት እንደ ተነሣች በአጭሩ ተናገረች። ማህሌት ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ የምትፈልገው ይህንን ነበር። ከዚያ ሸዋዬ ዓይኗን ጨፍና አወረደች።

*ተነሺ አገርነሽ ክሩ ተበጠሰ፣*
*ማሽኑም ቆመልሽ ጩኸቱ አነሰ።*

*አንቺማ ለእኔ ልጅ ደረት መትተሽ ነበር፣*
*እኔስ ለአንቺ ሞት አፌን በጨርቅ ልሰር?*

ከሙስሊሞቹ ወገን አንዲት ሴት «እህህ!» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከክርስቲያኖቹ ወገን ፀሐይወርቅ ደረቷን መታች። ፈትል ክፍል የነበሩ ሴቶች ከሁለቱም ወገን አንድ በአንድ ተነሡ፤ ማን ከማን ጎን እንደ ቆመ መለየት እያስቸገረ መጣ። ባለሥልጣኑ ሰዓቱን አየ። ማህሌት በእጇ «ይበቃል» የሚል ምልክት አሳየች። ሸዋዬ አላየቻትም፤ ብታያትም አትተውም።

*በሌላው ተጣልተው ዓመት ሲወጋገዙ፣*
*ሴትን ዝም ሊያሰኙ እጅ ለእጅ ተያያዙ።*

ኑሩ ወደ ውኃው ጠርሙስ አየ። ባምላክ ወደ ባለሥልጣኑ አየ።

«እማ ሸዋዬ፣ በኋላ ቤትዎ መጥቼ...» አለ ባምላክ ቀስ ብሎ።

«ቤቴማ መጥተህ ነበር።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «አንተ ቤቴ መጥተህ፣ ኑሩ ደግሞ በሩ ላይ ይዞኝ፣ ሁለታችሁም በለሆሳስ ነገራችሁኝ። አንተ የአሕዛብ ነው አልኸኝ። አንተ ኑሩ ሐራም ነው አልኸኝ። እሺ ብዬ ሄድሁ። አገርነሽ እንደ ድመት ተቀብራ ቀረች። ዛሬ ደግሞ እዚህ፣ በካሜራ ፊት፣ ባህላችን ነው፣ መልካችን ነው ትላላችሁ።»

ማህሌት ማይኩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሸዋዬ ማይኩን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ቆይ ልጄ። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጅ በስሙ የጠራችው ሰው ተቀምጦ አይቀርም። ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ቆሞ ይመልሳል። እኔ ደክሞኛል፤ ክርክር አልችልም፤ መጽሐፍም አላነበብሁ። ኀጢአት ከሆነ ኀጢአት ነው በሉ፤ እነዚህ ሴቶች በእናቶቻቸው ሬሳ ላይ ያፈሰሱት እንባ ሁሉ ኀጢአት ነበር ብላችሁ እያያችኋቸው ንገሯቸው። ኀጢአት ካልሆነም አገርነሽን መልሱልኝና በወጉ ላልቅስላት። በበር አይደለም፣ በጓዳ አይደለም፣ በሹክሹክታም አይደለም። ኑሩ ሰይድ! ባምላክ ክንዱ! ተነሡ፤ በዚህ ሰው ሁሉ ፊት መልሱልኝ።»